ሶፋ የሌለው ሳሎን

በወዳጄ ሳሎን ውስጥ ሶፋ የለም። ሶፋ ሊቀመጥ በሚገባው ቦታ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ፣ ወገበ ሰፊ፣ ትከሻው ላይ ቀለሙ የተፋቀ ኮንትራባስ፣ በአጭሩ ቤዝ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እንግዳ የሚቀመጠው ከወጥ ቤት በሚመጣ የእንጨት ወንበር ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ከተሰደደ ቆይቷል፤ ፎቅ፣ መኝታ ቤት ነው ያለው። «ሳታየው አላገባችኝም፤ አይታው ነው የመጣችው» ይላል ወዳጄ ስለ ሚስቱ። እሷም ትስቃለች። ሳቋን ላዳመጠው ግን የሶፋው ፋይል ገና አልተዘጋም።

ቤቱ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ፔትዎርዝ የሚባል ሰፈር ነው ያለው። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ የተጣበቁ፣ በጡብ የተሠሩ፣ ከፊት ትንሽ በረንዳ ያላቸው ናቸው፤ የአንዱ ግድግዳ የጎረቤቱም ግድግዳ ነው። ጥቂት ወጣ ሲሉ ጆርጂያ አቬኑ ይገኛል። ወደ ሰሜን ሽቅብ የሄደ እኔ ካረፍኩበት ከአክስቴ ልጅ ሰፈር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል፤ እዚያ እንጀራውም በርበሬውም ቡናውም አለ። ወደ ደቡብ የወረደ ደግሞ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በኩል አልፎ የጃዝ ባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ባደገበት በዩ ስትሪት አካባቢ ይወጣል። (ዓመተ ምሕረት የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ያውም በጃዝ። ዌስትሚንስተር የተባለው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ከ1999 ጀምሮ አርብ አርብ ማታ ጃዝ ያሰማል። ታዳሚው በዕድሜ የገፋ ነው፣ ቀጥ ብሎ ያዳምጣል፣ ምድር ቤት የተጠበሰ ዓሣ ይበላል። በጾም ቀን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ ሳህኔን ይዤ ስቀመጥ አጠገቤ የነበረው ጎልማሳ፣ «ሳክስፎኑን ተወው፤ ዓይንህን ከቤዙ ላይ አትንቀል» አለኝ። ዓሣዬን ይቀማኛል ብዬ ስሰጋ የዕይታ አቅጣጫዬን ቀማኝ። ቀን ቀን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ ማታና ቅዳሜ እሑድ ቤዝ ይጫወታል። «ቤት ና፤ ቤዝ ብቻውን ሲሆን ስማው» ብሎ አድራሻውን ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ እንግድነቴ ቀረና ቤተኛ ሆንኩ።

መጀመሪያ የሚያነሣው ደጋኑን ነው። የጃዝ ሰው ቤዝ የሚመታው በጣቱ ነው ብዬ ነበር የማውቀው፤ ወዳጄ ግን ደጋን ሳይነካ ቀኑን አይጀምርም። የእኛ አዝማሪ የመሰንቆውን ደጋን በዕጣን ያሸዋል፤ እሱም ሙጫውን ወደ ታችና ወደ ላይ እያሻሸ ደጋኑን ያለብሰዋል። ከዚያ ወፍራሙን አውታር ባዶውን፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይስበዋል። ይህ አውታር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። መሣሪያው ከሥሩ ባለ አንድ የብረት እግር ወለሉን ወግቶ ይቆማል፤ ስለዚህ ድምፁ በአየር ወደ ጆሮ ብቻ ሳይሆን በሳንቃው በኩል ወደ እግርም ይመጣል። ጫማዬን አውልቄ ስለምቀመጥ እኔን ቀድሞ የሚያገኘኝ ከታች ነው። ሳንቃው በዚያች ብረት ብዙ ቦታ ተወጋግቷል። ሚስትየው ምንጣፍ ገዝታ ነበር፤ ምንጣፉም ተወጋግቷል።

መሣሪያው ውድ ዕቃ አይደለም። የቺካጎው ኬይ ፋብሪካ ከ1937 ጀምሮ ከኮምፔንሳቶ ይሠራቸው ከነበሩት ቤዞች አንዱ ነው። ሙሉ እንጨት አይደለም፤ ግን እርጥበትና ሙቀት ቶሎ አይሰነጥቀውም፣ ቢወድቅም ይነሣል። የትምህርት ቤት ባንድ ንብረት ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሲያስወግድ ወዳጄ ገዛው። ይህን የሚያህል ዕቃ «ሦስት አራተኛ» ተብሎ መጠራቱ አስቆኛል፤ ለካስ አብዛኛው ባለ ቤዝ የሚጫወተው ይህንኑ ልክ ነው፣ ሙሉው የሚባለው እምብዛም አይገኝም። ሦስት አራተኛው እንኳ ከመሬት እስከ አናቱ 1 ሜትር ከ80 ይደርሳል። አንገቱ ላይ የተለጠፈው ዞጲ እንደ ጊታር የድምፁን ቤት የሚያሳይ ሽቦ የለውም። ጣት የት ማረፍ እንዳለበት የሚያውቀው ጣቱ ራሱ ነው። ታች በኩል ከአንዱ ግማሽ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ሰፊ በመሆኑ የቀለበት ጣት ለብቻው አይሠራም፤ ከትንሿ ጣት ጋር አብሮ ይጫናል፣ ሁለቱ የአንድ ጣት ያህል ጉልበት ያዋጣሉ። የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ጎኑ ጠጥሯል። አውታሩን የሚስበው በጣቱ ጫፍ ሳይሆን በዚያ በጠጠረው ጎን ነው፤ ሥጋው በበዛ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። እነዚህ እጆች ናቸው ቀን መሪ የሚያዞሩት።

ደጋኑ ተሰቅሎ ጣት ሲጀመር ሜትሮኖም ይከፈታል። ስልኩ ላይ ነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ቀርፋፋ ነው። እኔ የማውቀው የሙዚቃ ተማሪ ሜትሮኖሙ አንድ ሲል አንድ ብሎ የሚነሣ ነው። እዚህ ቤት ግን ያ ቀጭታ «አንድ» አይደለም፤ «ሁለት» ነው፣ ቀጣዩ ደግሞ «አራት»። አንድና ሦስት ላይ ማሽኑ ዝም ይላል። የዝምታው ባለቤት ተጫዋቹ ነው፤ ትንሽ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ ቀጣዩ ቀጭታ ያጋልጠዋል። «ማሽኑ ሰዓቱን ከነገረኝ ምን ሥራ አለኝ? እኔ ነኝ መንገር ያለብኝ፤ እሱ ይፈትነኝ» ይላል። የጃዝ ባለ ቤዞች ሁሉ የሚያውቁት ልምምድ ነው፤ ለእኔ ግን ወንበር ላይ ሆኜ ለመቁጠር ስሞክር ላብ የሚያወጣ ሥራ ሆነብኝ።

ከዚያ መራመድ ይጀምራል። «ዎኪንግ» ይሉታል፤ በእያንዳንዱ ምት አንድ ድምፅ፣ በአንድ ቤት (ባር) አራት። 12 ቤት ያለው ብሉዝ አንዴ ሲዞር 48 እርምጃ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ በኮርዱ ሥር ላይ ያርፋል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይንሸራሸራሉ፣ አራተኛው ግን ከቀጣዩ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ድምፅ ያህል ቀርቶት ይቆማል፤ አድማጭ ሳያውቀው ወደዚያ ያዘነብላል። ባንዱ በቦታው ሲሆን ይህን ማንም አይሰማም። ሁሉም የሚሰማው ጥሩምባው ደስ ማለቱን ነው። ጥሩምባው የት እንደሚሄድ የሚያውቀው ግን ቤዙ ቀድሞ መንገዱን ስለጠረገለት ነው።

ቤት ውስጥ ባንድ የለም። ስልክ ከሚያወራ ሰው አጠገብ እንደ መቀመጥ ነው፤ የሚመልሰውን ትሰማለህ፣ የተጠየቀውን አትሰማም። ዜማ የሚባለው ነገር የለም፤ ሥሩ ብቻ ነው ያለው። ወዳጄ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ዜማውን በሆዱ ይዘፍናል፣ ድምፅ አያወጣም። እኔ ከእርምጃው ተነሥቼ ዘፈኑን ልፈልግ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የምሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነበር። እየዋለ ሲያድር የት እንደሚዞር፣ የት እንደሚመለስ መስማት ጀመርኩ። አሁን ሌላ ቦታ ሙዚቃ ስሰማ ጆሮዬ ቀድሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ተበላሽቷል ማለት ይቻላል።

ጥሩምባ ነፊው ማይልስ ዴቪስ በ1959 ባሳተመው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበም መጀመሪያ ላይ «ሶ ዋት» የሚባል ዜማ አለ። ልዩ የሚያደርገው ዜማውን የሚናገረው ቤዙ መሆኑ ነው። ባለ ቤዙ ፖል ቻምበርስ ይጠይቃል፣ ጥሩምባና ሳክስፎኖቹ በሁለት ድምፅ ይመልሱለታል። ወዳጄ ይህን ሲጫወት ጥያቄው አለ፣ መልስ ሰጪው የለም፤ በየመሃሉ ክፍተት ይተዋል። አንድ ምሽት በዚያ ክፍተት ላይ ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ። ጎረቤት ተቆጣ ብዬ ወዳጄን አየሁት፤ እሱ እቴ! ቀጠለ። ሲጠይቅ እንደገና ኳ፣ ኳ። ለካስ ከግድግዳው ማዶ ያሉት እማማ የጥሩምባውን ቦታ ይዘዋል። በ1910 ከተከፈተው ከሃዋርድ ቲያትር ደጅ በልጅነታቸው አይጠፉም ነበር አሉ። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ እንደማይበግረው የታወቀ ነው፤ እሳቸው ከእኔ ቀድመው የወዳጄን ልምምድ ሁሉ ሰምተዋል። በማግስቱ በረንዳ ላይ ሲያገኙት፣ «ልጄ፣ ትናንት መሃሉን ዘለልክ» አሉት። «ልክ ነዎት እማማ፣ እጄ ደክሞ ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። ከማንም ሃያሲ ይህችን ሴት እፈራለሁ ይላል።

እጁን ሲያሳርፍ ያወራል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፎቶዎች የሁሉም ባለ ቤዞች ናቸው፣ አንድ ዘፋኝ የለም። ከሁሉም በላይ የተሰቀለው ልጅ እግር ጂሚ ብላንተን ነው። ኤሊንግተን በ1939 ሴንት ሉዊስ ላይ አግኝቶት ባንዱ ውስጥ አስገባው፣ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ብቻቸውን፣ በፒያኖና በቤዝ፣ ቀረጻ ሠሩ። ከዚያ በፊት የቤዝ ሥራ በአብዛኛው ምት መጠበቅ ነበር፤ ጥንት እንዲያውም ያን ሥራ ቱባ ይሠራው ነበር። ብላንተን ቤዝን ዜማ አናገረው። በ1942 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ገና 23 ዓመቱ ነበር። ከእሱ ወዲህ የመጣ ባለ ቤዝ ሁሉ የእሱ ባለ ዕዳ ነው፤ ይህ የወዳጄ ብቻ ሳይሆን የጃዝ ጸሐፊዎችም ፍርድ ነው።

ከጎኑ ቻርልስ ሚንገስና ሮን ካርተር አሉ። ሁለቱም ከቤዝ በፊት ቼሎ ይጫወቱ ነበር። ጥቁር ቼሊስት በኦርኬስትራ ውስጥ ወንበር የማግኘት ተስፋው በመነመነበት ዘመን ወደ ቤዝ ዞሩ። ካርተርን በ2015 ጊነስ በ2,221 ቅጂዎች ላይ በመጫወቱ በታሪክ ከሁሉም የጃዝ ባለ ቤዝ በላይ የተቀዳ ብሎ መዘገበው። በር የዘጉበት ሰዎች ስም ዛሬ አይነሣም፤ እኔም አላነሣውም።

ወዳጄን ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የባለ ቤዙ የኬተር ቤትስ ነገር ነው። ቤትስ ኑሮው እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ዘፋኟን ኤላ ፊትዝጄራልድን አጅቧል። በ1961 ከጊታር ተጫዋቹ ከቻርሊ በርድ ጋር የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ልኳቸው ደቡብ አሜሪካን ሲዞሩ የብራዚልን ቦሳ ኖቫ ሰሙ። በየካቲት 1962 ሳክስፎኒስቱ ስታን ጌትዝ ተጨምሮበት በ16ኛው ጎዳና ባለው ኦል ሶልስ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ «ጃዝ ሳምባ»ን ቀዱ። አልበሙ በ1963 ከአሜሪካ ፖፕ አልበሞች ሁሉ አንደኛ ወጣ፤ ቦሳ ኖቫ የአሜሪካ እብደት ሆነ። ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የጌትዝና የበርድ ስም ነው። ያን ሁሉ ምት ከሥር የተሸከመው ሰው ስሙ ከጀርባ፣ በትንንሽ ፊደል ነው። ወዳጄ አውቶቡሱን በዚያ ጎዳና ሲነዳ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ባለፈ ቁጥር ክላክሱን ነካ ያደርጋል። ደንብ ይፈቅድለት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

እኛም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለን። ዩ ስትሪት ላይ ትዊንስ ጃዝ የሚባል ቤት ነበር፤ ባለቤቶቹ ኢትዮጵያውያን መንትያ እህትማማቾች፣ ኬሊና ሜዝ ተስፋዬ ነበሩ። በ1987 በሌላ ሰፈር ጀምረው በ2000 ወደ ዩ ስትሪት መጡ፣ እስከ 2020 ወረርሽኝ ድረስ ዘለቁ። ወዳጄ በወጣትነቱ እዚያ ተጫውቷል፤ በዕረፍት ሰዓት ወጥ በእንጀራ ይበላ ነበር። አማርኛው ሁሉ ከዚያ የመጣ ስለሆነ የሚያውቃቸው ቃላት ጨምር፣ በቃ፣ ቃሪያ እና እሺ ናቸው፤ ለባንድ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። የጃዝ ቤት ማቆየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው እነዚህ ሁለት እህቶች ለዚህች ከተማ ያደረጉት ቀላል አይደለም፤ እኛ ግን ስለ እነሱ ከዲሲ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች ያነሰ ነው የምናወራው።

አንድ እሑድ፣ «አሁን ደግሞ አንተ አዚምልኝ፤ የአገርህን» አለኝ። ትዝታን አንጎራጎርኩለት። ደስ አለው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አምስቱም የእናቱ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ውስጥ ያሉ ናቸው። ወዲያው መራመድ ጀመረ፤ ግን መሄጃ አጣ። ትዝታ ኮርድ እየቀያየረ አይጓዝም፣ እዚያው ሆኖ ነው የሚያንሰፈስፈው። አራተኛው እርምጃ የሚያንኳኳው ሌላ ደጃፍ የለም። ምቱም በሦስት በሦስት እየተሰበረ በስድስት ስምንተኛ ሲመጣ፣ «አንዱ የት ነው? አንድ በለኝ» እያለ ለመነኝ። አጨበጨብኩለት። ቀስ በቀስ መራመዱን ትቶ በአንድ አጭር ሐረግ ላይ ተቀመጠ፤ እየደጋገመ፣ በየዙሩ ትንሽ እየቀየረ። የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ የሰማ ሰው ይህን አቀማመጥ ያውቀዋል።

አንቺሆዬ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ቤዝ ተጫዋች የትም አገር ቢሆን የሚደገፍባቸው ሁለት ድምፆች አሉ፤ ሥሩና ከሥሩ አምስተኛው። አንቺሆዬ ውስጥ ያ አምስተኛ ድምፅ የለም፤ በቦታው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ነው ያለው። ጣቱ በልማድ ወደ ቀድሞ ቦታው ይሄዳል፣ ድምፁ ይጎረብጣል፣ እሱም ይስቃል። «ምርኩዜን ነጠቃችሁኝ!» አለ። ደጋኑን አንሥቶ ሥሩን ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ ረዥም አድርጎ ሳበው፤ በዚያ ላይ እኔ አንጎራጎርኩ። በገና ትዝ አለኝ። በሁዳዴ ሰው ቤቱን ዘግቶ ለራሱና ለፈጣሪው የሚደረድረው፣ አድማጭ የማይለምን ወፍራም ድምፅ። ቤዝን ብቻውን ለማድመጥ ከሌላው አድማጭ ይልቅ እኛ እንቀርባለን ብዬ የማምነው በዚህ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ድምፅ ለብቻው አክብረን የምናዳምጥበት ልማድ አለን።

«ከናንተ ባንዶች ይህን በቤዝ ማን ነበር የሚጫወተው?» አለኝ ሲጨርስ። ቤቱ የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» አልበም ዳግም እትም አለው፤ የባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያንም ያውቀዋል፤ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲ ተሰልፎ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ እያወጣ ይለማመድ የነበረውን ሰው በዚህ ከተማ የማያውቅ ሙዚቀኛ የለም። ዋልያስ በ1977 «ሙዚቃዊ ስልት»ን ሲቀዱ ቤዙን የተጫወተው መላኬ ገብሬ ነበር አልኩት። የሮሃ ባንድ ቤዝ ደግሞ ጆቫኒ ሪኮ። ሁለቱንም ስም ጽፎ አስቀመጠ። «ሌሎቹስ?» ሲል ግን መልስ አጣሁ፤ ጥፋቱ የካሴት ሽፋናችን ነው። የዘፋኙ ፎቶ፣ የገጣሚው ስም፣ የአሳታሚው ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ «ከእገሌ ባንድ ጋር»። ባንድ የሚባል ሰው የለም፤ ጣቱ የጠጠረ፣ ቤተሰብ ያለው፣ ስም ያለው ሰው ነው ያለው። እነ ቤትስ ቢያንስ ከጀርባ በትንሹ ተጽፈዋል።

ከእነዚያ ባንዶች አባላት አንዳንዶቹ ዛሬም እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራሉ፤ አዲስ አበባም ያሉ አሉ። የድሮ ካሴት ያላችሁ፣ በዚያ ዘመን ባንዶቹ ይጫወቱባቸው በነበሩ ሆቴሎች የሠራችሁ፣ ስቱዲዮ የገባችሁ፣ በየትኛው ዘፈን ቤዙን ማን እንደተጫወተ የምታውቁ ሰዎች ሆይ፦ ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት፤ ድጋሚ የምታሳትሙም በሕይወት ያሉትን ጠይቃችሁ አትሙት።